ማሟያ ተሳፋሪ

«እናት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ይህን የጠየቀኝ የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ነው። በዚያ አውቶቡስ ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ፣ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ተቀምጫለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር። የመድረሻው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የሚቆመው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጀርባው ብቻ ይታያል። ፊደልም ቢሆን ገና መጀመሬ ነበር፤ ከ«ሀ» ተነስቼ «ቀ» ላይ ደርሻለሁ።

ሥራዬ ማሟያ ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ። መንገደኛ ባዶ አውቶቡስ አይወድም። በመስኮት አጮልቆ አይቶ ሦስት ሰው ብቻ ካለ፣ «ይሄማ እስኪሞላ እዚሁ መዋላችን ነው» ብሎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በመናኸሪያችን ደግሞ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፤ የእኛዎቹ ሰማያዊዎቹና ጎረቤቶቻችን ቀዮቹ። መንገዳቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ፣ የመነሻ ሰዓታቸውም «ሲሞላ» ነው። ስለዚህ የሞላ ለመምሰል እኛን ይቀጥራሉ። እውነተኛ ተሳፋሪ ትኬት ይዞ ሲመጣ ረዳቱ ወደ አንዳችን ይጠቁምና «ዕቃ ረስተሻል!» ይላል። እኛም «ውይ፣ ረስቼ!» ብለን እንነሳለን። ከዚያ ወርደን፣ በጀርባ ዞረን ቀጣዩ አውቶቡስ ውስጥ እንገባለን።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚሄድ ሰው መምሰል ያስፈልጋል። አለቃችን ሙሽራው ነበር፤ ክረምት ከበጋ ጥቁር ሙሉ ልብስ ስለማያወልቅ እንዲያ እንለዋለን።

«ሰዓታችሁን እዩ እንጂ!» ይለናል። «የሚሄድ ሰው ሰዓት ያያል።»

«እኔ ሰዓት የለኝም» አልኩት።

«ታዲያ እጅሽን እይዋ! ማን ቀርቦ ያይሻል?»

እጄን ሳይ ከረምኩ። ሻንጣዬ አሮጌ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል፤ ሲያነሱት እንዳይቀል ሥሩ ላይ ሁለት ጡብ አለ።

ቀዮቹ አሥር ማሟያ ሲቀጥሩ እኛ አሥራ አምስት ሆንን። እነሱ ሕፃን ያቀፈች ሴት ሲያስቀምጡ እኛ ጢማቸው የነጣ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት አመጣን። ቀዮቹ የጭነት ደንበኛ ለመሳብ ጣራቸው ላይ ባዶ ሳጥን ደረደሩ። እኛ ባዶ ሳጥንና ጀርባ የሌለው ቁም ሣጥን ጫንን። በመጨረሻ አርባ አምስቱም ወንበር በማሟያ ተያዘ። ትኬት ቆራጩ ለመጣው ሁሉ «ሞልቷል» ይላል። ነጋዴው ጣራ ላይ ቦታ ሲያጣ ዕቃውን ከመናኸሪያው ጀርባ ለቆሙት የጭነት መኪኖች ሰጠ። መንገደኛውም እዚያው ሄዶ የጭነቱ ጆንያ ላይ ወጣ። ባለንብረቱ ብቻ በቢሮው መስኮት ቁልቁል እያየን እጁን ያፋትጋል።

«ዛሬም ጢም ብሎልናል!» ይላል። ደፍሮ የሚነግረው ሰው አልተገኘም። ሹፌራችን መሪውን ትራስ ካደረገ ሳምንታት አልፈውታል።

አንድ ማክሰኞ የመናኸሪያው ኃላፊ ነገሩ አንገሽግሾት ማስታወቂያ ለጠፈ። ወንበሩ ሁሉ የተያዘ አውቶቡስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከግቢ ይውጣ ይላል። እኔ ከማስታወቂያው ላይ የማውቃቸውን ፊደላት ለቃቅሜ፣ ደስ ብሎኝ አለፍኩ።

ልጄም የምትሄደው በዚያው ሰሞን ነበር። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ፣ አንድ የጭነት ድርጅት በመንገዱ መጨረሻ ባለው ከተማ መኪና በሚመዝንበት ጣቢያ መዝጋቢነት ቀጠራት። ደብዳቤውን ደጋግማ ስላነበበችልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «እስከ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወንበሯ ላይ ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል» ይላል።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አልኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጉንፋን ቢይዛትስ? የምትከራየው ቤት በሩ ባይቆለፍስ? መንገድ ስታቋርጥ ግራና ቀኝ ባታይስ? ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አሁንም ከቤት ስትወጣ «ግራና ቀኝ!» ብዬ ከበሩ ላይ እጮሃለሁ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት፣ ረቡዕ ጠዋት መጣች። የእኔ ልጅ ስለሆነች ትኬት ቆራጩ በስንት ሳምንቱ አንድ ትኬት ቆረጠ። ሻንጣዋን በመስኮቴ አቀበለችኝ።

«እማዬ፣ ያዢልኝ። ደብዳቤው ውስጡ ነው። ዞሬ ልግባ።»

ረዳቱ ሽበታም፣ ደግ ሰው ነው። የእኔን ቦታ ለልጄ መስጠት ደግነት መሰለው መሰለኝ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ሦስተኛ ረድፍ! ዕቃ ረስተሻል!»

ልነሳ አልኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። በሦስት ዓመት ከሁለት ወር አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ምንም አልረሳሁም» አልኩ።

ሙሽራው ከኋላ አንገቱን አሰገገ። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ረስተሻል ተባልሽ እኮ!»

«አልረሳሁም አልኩ። ይሄ ቦታ ሰው አለው።»

ልጄ በሩ ደረጃ ላይ ትኬቷን እንደያዘች ቀረች። «እማዬ?»

«ሞልቷል ልጄ። ሌላ ቀን ትሄጃለሽ።»

«የምን ሌላ ቀን? ነገ ሐሙስ አይደለም እንዴ!»

ነገ ሐሙስ መሆኑንማ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዓይኗን ላለማየት እጄን አየሁ።

ተቆጣጣሪው የገባው ይሄኔ ነው። ፊሽካውን በጥርሱ ይዞ ወንበሮቹን ቆጠረ። አርባ አምስት። ልጄን ከደረጃው አስወረዳት። «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ የጠየቀኝም ያን ጊዜ ነው። መልስ ሲያጣ ትከሻውን ነቀነቀና «ለማንኛውም ሞልቷል» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

ሹፌሩ ከእንቅልፉ ባነነ። ሞተሩ ተነሳ፤ አውቶቡሱ ከነቁም ሣጥኑ ተንቀሳቀሰ። ልጄ ከጎን እየሮጠች መስኮቴን በመዳፏ መታችው።

«ሻንጣዬ! እማዬ፣ ውረጂ እንጂ!»

ለመውረድ ተነሳሁ። ጉልበቴ አሁን ታዘዘልኝ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

ከተማው እንዳለቀ ጉድ ፈላ። «አውርደኝ!» ይላል ሙሽራው። «እኔ ምሳዬን ቤቴ ነው የምበላው!»

«የድርጅቱ ደንብ መንገድ ላይ ማውረድ ይከለክላል» አለ ሹፌሩ።

«እኛ እኮ ተሳፋሪ አይደለንም!»

«ተቀምጠሃል አይደል?»

ወዲያው ከኋላችን ጥሩምባ ሰማን። ዞር ብንል ቀዮቹ ናቸው። ተቆጣጣሪው እነሱንም ቆጥሮ አስወጥቷቸዋል። ሕፃን ያቀፈችው ሴት እያለቀሰች ነው፤ ሹፌራቸው ግን ሊቀድመን መብራቱን ያበራል ያጠፋል። የትም መሄድ የማይፈልግ ሰው የሞላባቸው ሁለት አውቶቡሶች ይሽቀዳደሙ ጀመር። ሙሽራው መውረዱን ረሳው።

«ንዳው! ንዳው እንጂ! ለነዚህ ልትሸነፍ ነው?»

አዛውንቱ በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ ይስቃሉ። አንድ የጭነት መኪና አልፈን ስንሄድ ከጆንያው ላይ የተቀመጡ ሰዎች እጃቸውን አውለበለቡልን። ትኬት የተከለከሉት መንገደኞች ናቸው። እኔ የልጄን ሻንጣ አቅፌያለሁ። ልጄን ላስቀር ብዬ እንጀራዋን ይዤባት መሄዴ ነው።

ወደ ማምሻው ደረስን። ማሟያዎቹ በነጋታው በዚያው አውቶቡስ ሊመለሱ ተስማሙ። እኔ ሲነጋ ሰው እየጠየቅሁ ወደ መመዘኛው ጣቢያ ሄድኩ። መሬት ላይ የተነጠፈ ሰፊ ብረት አለ፤ መኪናው ከነጭነቱ ይወጣበታል። ከጎኑ የመስታወት ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛና ቆዳው የተቀደደ ወንበር። በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ የራሱን ትራስ በብብቱ ይዞ ሰዓቱን ያያል። ተጠባባቂው መሆኑ ገባኝ። ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

እኔ ደግሞ የምችለው አንድ ሥራ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻንጣውን እግሬ ሥር አደረግሁና እጄን አየሁ።

የጣቢያው ኃላፊ ሲገባ መነጽሩን ከፍ አደረገ። «እርስዎ ማነዎት?»

«ማሟያ ነኝ።»

«የማን ማሟያ?»

«የልጄ። እየመጣች ነው።» መምጣቷን በምን አውቄ? ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ አነበበው፤ ደገመው።

ተጠባባቂው ከበሩ ጮኸ። «ጌታዬ፣ እሷ አይደለችም እኮ! እናቷ ናት!»

«ወንበሩ ባዶ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ባዶስ አይደለም፤ ግን…»

«እኔ ሃያ ዓመት የመዘንኩት የተቀመጠውን ነው እንጂ መቀመጥ የነበረበትን አይደለም። እስከ ማታ እንያት።»

ተጠባባቂው ትራሱን መሬት ላይ ጥሎ ተቀመጠበት። ከዚያ በኋላ ወዴትም ንቅንቅ አላልኩም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም።

ወደ አራት ሰዓት ግድም ዱቄት የጫነ መኪና ብረቱ ላይ ወጣ። ኃላፊው ቁጥሩን አየና በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ሹፌር! ወረቀትህ ላይ ካለው ሃምሳ ሁለት ኪሎ ትርፍ አለ። ምን ጭነሃል?»

«ምንም ጌታዬ!»

«ሚዛኑ ይዋሻል እንዴ?»

ከጆንያዎቹ መካከል አንድ ነጭ ነገር ተነሳ። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ጫማዋ ሳይቀር ዱቄት ነው። ተንሸራታ ወረደች። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ልክ ሆነ። መኪናው ከብረቱ ከወረደ በኋላ ወደ በሩ ስትመጣ አየኋት፤ ቆም ብላ ግራና ቀኝ አየች።

በሩ ላይ ደርሳ እኔንም ወንበሩንም አየች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልገባኝም።

«እማዬ» አለች። «ዕቃ ረስተሻል።»

«ውይ» አልኩ፤ «ረስቼ!»

ተነሳሁ። ዱቄቱን ከትከሻዋ ላራግፍ ብዬ እጆቼን ነጭ አደረግኋቸው። እሷ ተቀመጠች፤ ብዕሩን አነሳችና የዱቄቱን መኪና መዘገበች። ተጠባባቂው ትራሱን አንስቶ አራግፎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄጄ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ትኬት ገዛሁ። አውቶቡሱ ፊት ቆሜ ሰሌዳውን የማውቀውን ያህል አነበብኩ፤ የጎደለውን ረዳቱ ሞላልኝ። ስገባ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ውይ፣ ረስቼ!» ብላ ተነሳችልኝ። ሻንጣዋ ከብዷት ስለነበር አገዝኳት።

ልጄ እዚያው ቀረች። እኔ ሄድኩ።