የአራተኛው ክፍል ሻጋታ

ሱማ ኡሜዛኪ ከእንግዳ ማረፊያው ፎቅ ላይ ከተዘጋባት ስድስተኛ ቀኗ ነው። በሩ ቁልፍ የለውም። ደራሲ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳያስረክብ ከክፍሉ አይወጣም፣ የሙያው ልማድ ነው፤ ይኼ ልማድ ደግሞ ከቁልፍ የባሰ ነው።

ምዕራፉ ግን ትናንት አልቋል። የዛሬው ጠብ ሌላ ነው።

«ገዳዩን ይቀይሩት፣ ወይዘሪት ሱማ» አላት የመጽሔቱ አዘጋጅ ኦሪካሳ፣ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ። «የአሮጊቷ ልጅ መሆኑ ይቅርና ምራቲቱ ትሁን።»

«ምራቲቱ ምን አደረገች?»

«ምን ታድርግ? ምራት ናታ!»

ዐሥር ወር ሙሉ ታሪኩ በየወሩ ሲታተም፣ አንባቢ ደግሞ በታሪኩ የተገደለችውን አሮጊት ገዳይ ስም በፖስታ ካርድ እየጻፈ ሲልክ ነበር። ትክክለኛው መልስ ገና ከመጀመሪያው ክፍል በፊት በኤንቨሎፕ ታሽጎ የሱማ ማኅተም አርፎበታል፤ ፎቶው በሽፋን ወጥቷል። የማኅተሙን የተሸረፈ ጠርዝ እንኳ አገር አይቶታል። ኤንቨሎፑ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት በጋዜጠኞች ፊት ይከፈታል።

ኦሪካሳ አንድ ቅርጫት ካርድ ወለሉ ላይ ዘረገፈ። «ይኸው! አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ሰው አውቆታል። የሕፃን እንቆቅልሽ ነው የጻፉልን።»

ሱማ ተንበርክካ ታነብ ጀመር። ስልክ አገናኝ፣ ከሴንዳይ። ልብስ ሰፊ። ዓሣ ሻጭ። መበለት። ካርድ በካርድ ላይ ከመረች። ያወቁት ሁሉ ሴቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። ካኔ የምትባል የአኪታ ሴት እንዲህ ጽፋለች፦

«አማቴ አትክልት የሚብላላበትን የሩዝ ፍሩሽካ በየጠዋቱ በእጇ ታገላብጥ ነበር። ከሞተች ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ የማገላብጠው። በአራተኛው ክፍል የአሮጊቷ የፍሩሽካ ጋን ሰኞ ዕለት ነጭ ሻጋታ አውጥቶ እንደተገኘ ሳነብ አሮጊቷ የሞተችው ሰኞ ሳይሆን ቅዳሜ መሆኑ ገባኝ። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን እጅ ካልነካው ነው እንዲያ የሚሆነው። እንግዲያው ሰኞ ሌላ ከተማ ነበርኩ እያለ የሚምለው ልጇ ነው የገደላት። ለባሌ ብነግረው ሳቀብኝ። እባካችሁ እናንተ ንገሩልኝ።»

ሱማ ካርዱን ደረቷ ላይ ያዘች። «ለመሆኑ ጋሽ ቶኪቶ ማንን ነበር ያሉት?»

«ምራቲቱን» አለ ኦሪካሳ። ቶኪቶ የአገሩ ትልቅ ሐያሲ ነው፤ በዚሁ መጽሔት «ገዳይዋ ምራቲቱ ናት፤ ካልሆነች ጺሜን እላጫለሁ» ብሎ ጽፏል።

«ለሽማግሌ ጺም ብላችሁ ነዋ!»

«ትልቅ ሰው ናቸው። እርስዎን ከሰው ፊት ያወጡትም እሳቸው ናቸው።»

ያወጧት! ሱማ በዐሥራ አራት ዓመቷ ሐር መፍተያ ፋብሪካ ገብታ፣ በዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ንባብ የተማረች ናት። የመጀመሪያ ታሪኮቿን በወንድ ስም ስትልክ ቶኪቶ «የወንድ ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው!» ብሎ አወደሰ። ሴት መሆኗ ሲታወቅ «ባሏ ሳይጽፍላት አይቀርም» አለ። ባል የላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነበረ ባል ሲመሰገንላት ኖራለች።

ኦሪካሳ ከቦርሳው ልክ የፊተኛውን የመሰለ፣ ውስጡ ግን የምራቲቱ ስም ያለበት ኤንቨሎፕ አወጣ። «ማኅተምዎን ብቻ ያሳርፉበት።»

«እስከ ምሳ ላስብበት» አለች።

እሱ ሊበላ ሲወጣ ሱማ ወደ ታች ወረደች። ማድ ቤት ከማረፊያው ባለቤት ከእትዬ ሚኔ ጋር ጥቂት ቆየች፤ እጇን በሳሙና ታጥባ ተመለሰች።

ኦሪካሳ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። «እሺ?»

«እምቢ።»

«ማኅተሙስ?»

«እዚህ የለም።»

ቦርሳዋን ገለበጠ። ፍራሹን አራገፈ፣ የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ። አንቱታው እዚያው ምንጣፍ ሥር ቀረ። «አንቺ የክር ፋብሪካ ልጅ! ከዛሬ ወዲያ በዚህ ከተማ አንድ መስመር የሚያትምልሽ አታገኚም!»

እውነቱን ነው፤ ሱማም ታውቃለች። ያናደዳት ግን ሌላ ነበር። ይህ ሰው የሷን ታሪክ ዐሥር ወር እያተመ አላነበበውም።

ደረጃውን ሲወርድ ተከተለችው። ማድ ቤት እትዬ ሚኔ እጇን እስከ ክርኗ ጋን ውስጥ ከታ ፍሩሽካ ታገላብጣለች።

«የት ነው ያለው? ተናገሪ!»

ሱማ በጣቷ አመለከተችው። «ያ ጋን ውስጥ ነው። እጅህን ከተህ ፈልገው።»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«በዕድሜዬ አንባቢ አታልዬ አላውቅም። አንተንም አላታልልም። ፍሩሽካው ውስጥ ነው።»

ኦሪካሳ ጋኑን አየ፣ ነጭ የሸሚዝ እጅጌውን አየ፣ አፍንጫውን ያዘ። «ሸተታችሁ ሁለታችሁም!» ብሎ፣ ከከተማው ማዶ ያለውን የኪራይ ክፍሏን ሊበረብር ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ተፈተለከ።

እትዬ ሚኔ ክንዷን ስትመዝ መዳፏ ላይ አንድ ኪያርና አንዲት ጠርዟ የተሸረፈ ማኅተም ነበሩ።

«ነገርሽው እኮ፣ ልጄ! ምን ነክቶት ነው ያላመነሽ?»

«አራተኛውንም ክፍል እንዲሁ ነው ያለፈው።»

ሱማ ማኅተሙን አጥባ ፎቅ ወጣች። ሌላ መጽሔት አይጠብቃትም፤ የሚጻፍ ግን አንድ ነገር ቀርቷታል። ለአኪታዋ ካኔ ጻፈች፦

«ነገ አራት ሰዓት የፊተኛው ኤንቨሎፕ ይከፈታል። ገዳዩ ልጁ ነው፤ አንቺ ቀድመሽ አውቀሻል፣ ሊቃውንቱ አላወቁም። ይህን ለባልሽ አሳዪው። አሁንም ከሳቀ እጁን ይዘሽ ጋኑ ውስጥ ክተቺለት።»

ከሥሩ ማኅተሟን አሳረፈችበት። ወረቀቱ ሸተተ። አልጠረገችውም።