ስድስት ቁጥር ላይ ማን ይቁም?

በእኛ ሙያ ስሟ የማይጠራ በሽታ አለች። አጥንት አትሰብርም፣ ጅማት አትበጥስም፤ ሐኪም ቢመረምር ምንም አያገኝም። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ኳስ ሲወረውር የኖረ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ይነሳል፤ እጁ መወርወር ረስቷል። እዚህ ቅርብ የቆመ ጓደኛው ጓንት ውስጥ ኳስ መክተት ያቅተዋል። ስሟ ዪፕስ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ቤዝቦል ሜዳ ላይ ግን ይህን ቃል ያወጣ ሰው እንደ ሟርተኛ ነው የሚታየው፤ የጠራትንም የሰማትንም ትይዛለች ብለን እናምናለን። ኮሌጅ የገባን ሰዎች መሆናችንን አትርሱ።

ኦረን ታኬት እባላለሁ። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከጥጥ እርሻና ከነዳጅ ጉድጓድ በቀር ምንም በሌለበት ከተማ፣ የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። ኳስ በባልዲ እሸከማለሁ፣ ወርዋሪዎቹን አሠለጥናለሁ፣ ጽሕፈቴ ስለሚነበብም ለዳኛ የሚሰጠውን የተሰላፊዎች ካርድ እጽፋለሁ። አንድ ነገሬ ልጆቹን ያስቃቸዋል፤ ኳስ ጣልልን ሲሉኝ አልጥልም፣ ሄጄ እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። «ኮች ታኬት ኳስ የሚልኩት በፖስታ ቤት ነው» ይላሉ። ይሳቁ።

ባለፈው ጥቅምት በሽታዋ ሬኖ ኦሊቫሬስን ያዘችው። ሬኖ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስድስት ቁጥር ሆኖ ተሰልፏል። ስድስት ቁጥር ማለት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ፣ መቺ ሲሮጥ በየተራ በሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ መሀል የሚቆመው ነው። ኳስ የሚበዛበት እሱ ነው፤ ከመሬት ለቅሞ፣ መቺው ሮጦ ሳይደርስ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር አለበት። እሱ ከተበላሸ ቡድኑ አለቀለት። አባቱ ዶን ኤሊሴዮ ከድንበሩ አጠገብ፣ ከብርቱካን ማሸጊያ ሥራቸው ፈቃድ እየለመኑ፣ ስምንት ሰዓት ነድተው ይመጣሉ። የሚታጠፍ ወንበራቸውን ከሦስተኛ ቤዝ ጀርባ ይዘረጉና ልጃቸውን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ይህ ደግሞ የሬኖ የመጨረሻ ዓመት ነው። ዘንድሮ ከአሰላለፍ ከወጣ ሌላ ዓመት የለውም።

ልጆቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ደበቁት። አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው ደሾን ፕሪየር ቁመቱ የመብራት እንጨት ነው፤ የሬኖን ብልሹ ውርወራ ከሰማይም ከአፈርም እየለቀመ አዳነው። ወርዋሪዎቻችን ኳስ ወደ ሬኖ እንዳይመታ አድርገው መወርወር ጀመሩ። እርስ በርስ ስንጋጠም ደግሞ መቺዎቹ ራሳቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ኳሱን ሁሉ ከሬኖ አርቀው ወደ ቀኝ መምታት ያዙ። ዋናው አሰልጣኝ ግሬዲ ሰምራል ይህን ሲያዩ በደስታ ሊሞቱ ደረሱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለምኜ ያጣሁትን! ወደ ቀኝ መምታት የገባቸው ልጆች አገኘሁ!» ይላሉ። ሃያ ስምንት ልጅ አንገቱን ይደፋል። እኔም እደፋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ በማኅበር ነበር የደበቅነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰምራል ቢሯቸው ጠሩኝ። እንደ ልማዳቸው አሰላለፉን በእርሳስ አሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ጽፈውታል፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ በቀለም ካርዱ ላይ አሰፍራለሁ። የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ቅርፊቱን ወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች ጻፍኩ።

«ሦስተኛ መቺ፣ ኦሊቫሬስ። ስድስት ቁጥር።»

ኦሊቫሬስ ብዬ ጻፍኩ። ከስሙ አጠገብ ቁጥር የሚሞላበት ትንሽ ሳጥን አለ። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ።

«ምነው? ስድስት እንዴት እንደሚጻፍ ጠፋህ?»

«ኮች፣ አዲሱ ልጅስ? ሊንድሆልም። ክንዱ ጥሩ ነው።»

«ሊንድሆልም ገና የጫማውን ክር ማሰር እየተማረ ነው። ኦሊቫሬስን ለምን እንደማስወጣው ንገረኝ።»

«እንዲያው…»

«እንዲያው ምን? የምትጽፈውን ጻፍ፣ የምትለውን በል።»

ስድስት ብዬ ብጽፍ ልጁ ነገ በአባቱና በስምንት መቶ ሰው ፊት ይዋረዳል። ብናገር ደግሞ የመጨረሻ ዓመቱን በገዛ አፌ እቀማዋለሁ። ካርዱ ላይ ላቤ ጠብ አለ።

«እጁ ከድቶታል» አልኩ። «ዪፕስ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ።»

ሰምራል ኩባያቸው ውስጥ ተፉ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ዕውር አደረጋችሁኝ እንዴ? መጀመሪያ ላይ ተሸውጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሃያ ስምንት ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ መምታት አይማርም። አንድ ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር። አንተ ትሆናለህ ብዬ ነበር፤ አራት ወር ፈጀብህ።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የአንተንም አውቅ ነበር።»

ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ቡድን ውስጥ፣ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳስ የሚቀበለው እኔ ነበርኩ። እቀበላለሁ፤ መልሼ ለወርዋሪው መጣል ግን አቃተኝ። ሕፃን የሚችለውን! ሰምራል የዓመቱ መጀመሪያ ጨዋታ ላይ አሰለፉኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ኳሷ በወርዋሪው አናት አልፋ ሄደች፤ የተጋጣሚ ደጋፊ እያንዳንዷን በጩኸት ቆጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ ተጫውቼ አላውቅም። ለሰው ሁሉ ትከሻዬ ነው አልኩ። ለሚስቴም።

«አውቀው ነው ያሰለፉኝ?»

«ከተናገርኩ ይብስበታል ብዬ ፈራሁ። ዝም ካልኩ ያልፋል ብዬ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ሃያ ዓመት የከረመ ንዴት ነው የመጣብኝ። ጠረጴዛውን ብገለብጠው ደስ ባለኝ። ግን እኔስ ለሬኖ አራት ወር ሙሉ ያደረግሁለት ምን ነበር? ያንኑ ነው።

«ሂድና ንገረው» አሉኝ። «ልምምድ ሳንጀምር ራሱ በቡድኑ ፊት ይናገር። ከተናገረ ቦታ እፈልግለታለሁ። ካልተናገረ ነገ ተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነው። ከሚደባበቅ ቡድን ጋር ሜዳ አልገባም።»

ሬኖን የመምቻ መለማመጃው መረብ ውስጥ ብቻውን ኳስ ሲመታ አገኘሁት።

«ኮች ያውቃሉ» አልኩት።

ዱላውን ዝቅ አደረገ። «ምኑን?»

«የእጅህን ነገር። አሁን ደግሞ እኔ ነገርኳቸው።»

ፊቱ ቀላ። «ሸጡኝ በሉኛ! አባቴ ነገ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ይጀምራል። አለቃው እግር ላይ ወድቆ ነው ዓርብን ያገኛት! እርስዎ ይሄ ምን ይገባዎታል? ዕድሜ ልክዎን ኳስ በእጅ የሚያድሉ ሰውዬ!»

«ለምን ይመስልሃል በእጅ የማድለው?»

ከባልዲው ሦስት ኳስ አነሳሁና አሥር እርምጃ ራቅኩ። «ጓንትህን አድርግ» አልኩት። የመጀመሪያዋ ኳስ እግሬ ሥር መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ሁለተኛዋ በአናቱ አልፋ የመረቡን ጣሪያ መታች። ሦስተኛዋ ወደ ጎን ሄዳ የውሃ በርሜሉን አንኳኳች። ሬኖ ኳሶቹ የወደቁበትን ቦታ ተራ በተራ አየ። አልሳቀም።

«ከያዘችዎ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ሃያ። እሱን ብቻ ልነግርህ ነው። በቡድኑ ፊት ከተናገርክ ኮች ቦታ ይፈልጉልሃል። እኔ ሳልናገር ቀርቼ…»

«ይሄ ሊያጽናናኝ ነው?» አለና ጓንቱን መሬት ላይ ጣለው። «ሃያ ዓመት ባልዲ መሸከም?» ትቶኝ ሄደ።

ልምምድ ሊጀመር ልጆቹ ሜዳው መሀል ክብ ሠሩ። ሬኖ ከደሾን ጀርባ ቆሟል። ሰምራል ካርዱን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ካርዱ ከዚህ ሳጥን ጀምሮ ባዶ ነው። ከመሙላቴ በፊት የሚናገር አለ?»

ደሾን ጫማውን ያያል። የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ይሰማል። ሰምራል ጠበቁ፤ እንደገና ጠበቁ። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። በቃ፣ አለቀለት አልኩ በሆዴ።

«እኔ» አለ ሬኖ። ከደሾን ጀርባ ወጣ። «አንደኛ ቤዝ ድረስ መወርወር አልችልም። ዪፕስ ይዞኛል።»

ቃሉን ሲሰሙ ሦስት ልጆች በእውነት ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ ጆሮውን ያዘ።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለ ደሾን። «አራት ወር ሙሉ አፈር የበላሁት ማን ሆኖ ነው? ቁርስ መብላት አቁሜያለሁ እኮ!»

ሳቅ ፈነዳ። አንዳንዱ ዓይኑን እየጠረገ ነበር የሚስቀው። ሰምራል ብቻ አልሳቁም።

«ከሩቅስ?»

«አልሞከርኩም፣ ኮች።»

«ግራ ሜዳ ሂድ።»

ከዚያ እስከ መቺው መቆሚያ ሰማንያ ሜትር ይሆናል። ሰምራል ራሳቸው ኳሱን ወደ ሰማይ መቱለት። ሬኖ ቀለበ፤ አንዴ ተንደረደረ፤ ወረወረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከመቺው ጀርባ የሚቀበለው ልጅ ጓንት ጷ ሲል ነው የገለጥኩት። ጓንቱ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። በሽታዋ የምታውቀው ቅርቡን ብቻ ነው።

«ሰባት ብለህ ጻፍ፣ ግራ ሜዳ» አሉኝ ሰምራል። «ስድስት ላይ ሊንድሆልምን። ጫማውን እሰሩለት።»

ጻፍኩ። ግራ ሜዳ ላይ ሊቆም የነበረው ዌስ ካልድዌል የሚባል ልጅ ቦታውን አጣ። ጥፋት አልነበረበትም፤ ያን ቀን ማንንም ሳያናግር ወደ ቤቱ ሄደ። አሰላለፍ እንዲህ ነው፤ ዘጠኝ ነው፣ አሥር አይሆንም።

ዓርብ ዶን ኤሊሴዮ ቀድመው ደርሰው ከሦስተኛ ቤዝ ጀርባ ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው «ሰባት ቁጥር፣ ግራ ሜዳ፣ ሬኖ ኦሊቫሬስ» አለ። ሽማግሌው ወደ ግራ ሜዳ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሱ፣ ወንበራቸውን አጠፉ፣ ማንንም ሳይጠይቁ አጥሩን ይዘው ግራ ሜዳ ድረስ ሄዱና እዚያ ዘረጉት።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሬኖ ወደ እኔ መጣ። በእጁ ሁለት ጓንት ይዟል።

«የእኔን ምስጢር አውጥተው የራስዎን ይዘው ሊቀሩ ነው?» አለኝ። «ይምጡ፣ ያሟሙቁኝ። ከቅርብ።»

ግራ ሜዳው አጥር አጠገብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አሥር እርምጃ ተራርቀን ቆምን። እሱ ወረወረ፤ ጉልበቴን መታኝ። እኔ ወረወርኩ። ኳሷ በአናቱ አልፋ አጥሩን ተሻግራ ዶን ኤሊሴዮ እግር ሥር ወደቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሾን ከሩቅ «ፖስታ ቤቱ ተዘጋ!» ብሎ ጮኸ። ልሸሽ ነበር፤ እግሬ ዞሯል።

ሽማግሌው ኳሷን አንስተው፣ በሱሪያቸው ጠርገው፣ በአጥሩ ላይ አሳልፈው ሰጡኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ፣ ለእኔ ለአርባ አንድ ዓመቱ ሰውዬ። «ድገመው።»

ደገምኩት።