ይመኙሽ የማረች ዕለት

ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ደም አድርቄያለሁ፤ እንደ ባምላክ ያለ ጠያቂ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የአስናቀው ልጅ ነው፤ ጎንደር ከተማ ፍልስፍና ያስተምራል።

አስናቀው በድንበር ጠብ የይመኙሽን ባል ገድሎ፣ እስሩን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሟች ልጅ ወንዴ ጠመንጃውን ወልውሎ ይጠብቀው ነበር። እኛም ከማክሰኝት በላይ ወዳለው መንደራቸው ስንመላለስ ከርመን፣ እናትና ልጅን በስንት ልመና ለእርቅ አበቃናቸው።

በደብሩ ቅጥር አስናቀው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ። ይመኙሽ ፊቷን አዞረችበት። በመጨረሻ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬዋለሁ» አለች። ወንዴም ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ለቄሱ ሊያስረክብ ተነሣ። እፎይ አልን።

ያኔ ከአባቱ ጋር የመጣው ባምላክ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ምሬዋለሁ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ትርጉሙ ያልጠራ ቃል ባዶ ነው። ልብዎ ነው የማረው ወይስ አፍዎ?»

«ተው አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ» አልሁት።

«አያ ቢያዝን፣ አባቴ በባዶ ቃል ተማምኖ እንዲኖር አልፈልግም።»

ክፉ አልነበረም፤ አባቱን ይወዳል። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው እንዴት እንደሚያዝ እናውቅበታለን።

ይመኙሽ አሰበች። በፈጣሪ ስም መዋሸት የምትፈራ ሴት ናት።

«ምነው ጠየቅኸኝ ልጄ» አለች። «ልቤማ አልማረም። ባየሁት ቁጥር ይነድደኛል። ምሕረት የልብ ከሆነ እንግዲያ ዋሽቻለሁ። ቃሌን አንስቻለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንዴ ጠመንጃውን መልሶ አነገተ።

ማንም ቢሆን ምሮ አይደለም ምሬያለሁ የሚለው። ልብ ዘግይቶ ነው የሚደርስ፤ ቃሉ የሚነገረው እሱ እስኪደርስ ሰው እንዳይሞት ነው። ይህን አስረድቶኝ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ባምላክ አባቱን ደግፎ፣ «ቢያንስ እውነቱን አወቅን» አለው።

«እውነቱንማ ድሮም አውቀው ነበር» አለ አስናቀው። «እኔ የመጣሁት ልኖር ነበር።»

ልጁ በመኪና ወደ ከተማ ልውሰድህ ብሎ ለመነው፤ አሻፈረኝ አለ። በሳምንቱ ገብሱን ሲያጭድ ወንዴ ተኮሰበት።

ከቀብር ስንመለስ ይመኙሽ ሰው ልካ አስጠራችኝ።

«አያ ቢያዝን፣ ለዚያ ልጅ ንገሩልኝ። አሁን አባቱን ከልቤ ምሬዋለሁ።»

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቃል በቃል ነገርሁት።