ኪኒኑ ያስወጣው ስም

ፋንታሁን ከጥርስ ሐኪሟ ወንበር ዘሎ ወርዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጉንጩ ከማበጡ የተነሣ አንድ ዓይኑ ሊከደን ደርሷል። ሐኪሟ እየሩስ ገና ጥርሱን አልነካችም፤ መብራቱን ፊቱ ላይ ማብራቷ ብቻ ነው።

«አጥፊው! በእመቤቴ፣ አጥፊው!»

ሚስቱ ይዘንጋሽ በሩ ሥር ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ፋንታሁን በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ገና ወጣት መምህር ሳለ፣ እንዲህ ባለ መብራት ፊት ወንበር ላይ አስረው አፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው እንደገረፉት ታውቃለች። የጓደኞችህን ስም አውጣ ቢሉት አላወጣም። ደርግ ወድቆ፣ እሱም መሐል ሜዳ ከተማ ሲያስተምር ሽበት አብቅሎ፣ አሁንም ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያድረው።

እየሩስ መብራቱን አጥፍታ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መግሉ ወደ አንገትዎ ከወረደ ያሰጋል። ድዱን በመርፌ አደነዝዘዋለሁ፤ ግን እንዲህ እየተንቀጠቀጡ አይሆንም። አስቀድመው የሚያረጋጋ ኪኒን ቢውጡ፣ እየሰሙኝ እንደ ማንቀላፋት ያደርግዎታል። ጭልጥ አድርጎ የሚያስተኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እስከዚያ መቆየት አይችሉም።»

«ኪኒኑ ያናግራል?»

«አንዳንዱን ያስቀባጥረዋል። ምነው?»

ፋንታሁን ኪኒኑን ተቀበለ። «ከይዘንጋሽ በቀር ሰው እንዳይገባ» አለና ዋጠው።

እየሩስ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረችለት። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው ረገበ፤ ምላሱም ከበደው። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ሰው የጨመረ መሰለው። የብረት በር ሲጢጥ ሲል ሰማ። እግሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ ልጅ እግር ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከቀየት መንደር የመጣው ጫኔ ነው፤ አብሮት የታሰረው። ከሞተ በኋላ አንድም ቀን አላረጀም።

«ጫኔ፣ ና ልበስ፤ ይበርዳል» አለው ፋንታሁን። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አትቀስቅሱት። ሞቷል እኮ» አለ።

ይዘንጋሽ በቆመችበት ደረቀች። የጫኔ እናት እማማ ሙሉመቤት ገበያ በወጡ ቁጥር ቤታቸው ጎራ እያሉ፣ «ፋንታሁን ልጄ፣ ወሬውን አልሰማህም?» ይሉ ነበር። ባሏም ሁልጊዜ፣ «አልሰማሁም» ነበር የሚላቸው።

ጥርሱ ሲወጣ ፋንታሁን አላወቀም። ሲነቃ አፉ በጥጥ ታፍኗል። ጥጡን አውጥቶ፣

«የማንን ስም አወጣሁ?» አለ።

ይዘንጋሽ ልትዋሸው ቃጥቷት ነበር። «የጫኔን። ሞቷል አልክ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ስለሱ ትንፍሽ ብትል ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ በኋላ ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ።»

«አሁን የምትደብቀው ከማን ነው? ያስፈራሩህ ሄደዋል። የቀሩት እናቱ ናቸው።»

እብጠቱ እንደጎደለ ከንስሐ አባቱና ከጎረቤት ሽማግሎች ጋር ወደ ጫኔ መንደር ወደ ቀየት ገሰገሰ። እማማ ሙሉመቤት ገብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ላይ የቆሙትን ሰዎች አዩ። እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ገብሱ ከእጃቸው ፈሰሰ።

«ብቻውን ነበር?» አሉ፤ ሌላ ከመጠየቃቸው በፊት።

«አልነበረም። ጭንቅላቱ ክንዴ ላይ ነበር፤ እርስዎን ሲጠራ ነው ያለፈው» አላቸው ፋንታሁን።

ያን ጊዜ ጮኹ። ስንት ዓመት የታመቀ ጩኸት ሸለቆውን አልፎ ማዶ ያሉትን አስወጣ። ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ፋንታሁን ከሐዘንተኛው መካከል ቆሞ ስለ ጫኔ የሚያውቀውን ሁሉ፣ ለጠየቀው ሁሉ፣ ሳይደብቅ ተናገረ።

እናቱ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንዱን ነገር ደጋግመው ጠየቁት፤ «የት ቀበሩት?»

ያን አያውቅም ነበር። ሌሊት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲያወጡት ነው የመጨረሻ ያየው። ካህናቱ ፍትሐቱን ያለ አስከሬን ፈቱ፤ እማማ ሙሉመቤትም ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከፋንታሁን ፊት ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።