የጤና አዳሙ ማሰሮ

ጋስፓሬ በሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ በዴሩታ የመድኃኒት ማሰሮ ሲሥል ነው ያረጀው። ማሰሮው የሚነከርበት ነጭ ቅብ እቶን ሳይገባ ቀለሙን ወዲያው ይጠጣል፤ ብሩሽ አንዴ ካረፈ መመለስ የለም። የሠዓሊው እጅ መጽናት አለበት። የጋስፓሬ እጅ ግን ከበልግ ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ዐይኑም ደክሟል።

የገዳሙ መድኃኒት ቀማሚ እማሆይ ኤውፌሚያ ያዘዙትን ማሰሮዎች ልጁ ኦርሶላ ሣለች። የመጨረሻውን፣ የጤና አዳም መድኃኒት የሚቀመጥበትን፣ እሱ ያዘ።

«አባዬ፣ እኔ ልጨርሰው፤ አንተ ዕረፍ።»

«ስሞት አርፋለሁ። ዞር በይ፣ ብርሃን ጋረድሽብኝ።»

ሣለው። ቅጠሎቹ ተንጋደዱ፤ የመድኃኒቱ ስም ወደ ታች ተንሸራተተ። ጋስፓሬ ማሰሮውን ራቅ አድርጎ አየና «አያምርም?» አለ።

«ያምራል» አለች።

እሱ ምሳ ሊበላ ሲገባ ኦርሶላ ማሰሮውን አጠበችው። ቅቡ ከነሥዕሉ ወረደ። ሸክላው እስኪደርቅ አልጠበቀችም፤ አባቷ ተመልሶ እንዳያያት ፈራች። እርጥቡን ማሰሮ ቅብ ውስጥ ነክራ፣ በራሷ እጅ ጤና አዳሙን ሣለችና ከሌሎቹ ጋር እቶን አስገባችው።

እቶኑ በተከፈተ ቀን እማሆይ በቅሏቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ኧረ አንተ ጋስፓሬ፣ በቅሎዬ እዚሁ ልታረጅ ነው!»

«የገዳም በቅሎ አይደለች? ትታገሥ!»

በቤቱ ልማድ የመጀመሪያውን ዕቃ የሚያወጣው ትልቁ ሰው ነው። ጋስፓሬ የጤና አዳሙን መረጠ። የማሰሮውን ቀጭን ወገብ ሲጨብጥ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቅቡ ሸሽቶ ሸክላው ራቁቱን ቀርቷል።

«ይህ ዕቃ ታጥቧል» አለ። «እርጥብ ሸክላ ቅብ እንደማይዝ አላስተማርኩሽም?»

ኦርሶላ አቀረቀረች።

«ሥዕሌ ተበላሽቶ ነበር?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ያምራል ያልሽኝ ምን ቆርጦሽ ነው? የከዳኝ እጄ ነው። ጆሮዬ ይሰማል።»

እማሆይ የበቅሎዋን ልጓም ማስተካከል ያዙ።

«እማሆይ፣ የጤና አዳሙ ማሰሮ ለዛሬ ቀርቷል» አላቸው። «ይህ መድኃኒቱን ይመጥጥብዎታል። በሚቀጥለው እቶን ልጄ ትሠራልዎታለች።»

«ትሥራ» አሉ እማሆይ ቀስ ብለው።

እሳቸው ሲሄዱ ጋስፓሬ ቅብ ያልነካው ማሰሮ አንሥቶ በምላሱ ጫፍ ነካው። ደረቅ ሸክላ ምላስ ይይዛል። ለኦርሶላ ሰጣት፤ እሷም ነካችው። ያዛት። ከዚያ ቅቡ ውስጥ ነከረችው።

ነጩ ሲረጋ አባቷ ጎኗ ተቀምጦ ማሰሮው የቆመበትን ክብ ሰሌዳ በዝግታ ያዞር ጀመር። እጁ ሰሌዳው ላይም ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ብሩሿን አንሥታ ጠበቀችው። ሲረጋጋ ሣለች።

«እኔ አይታየኝም። ምን ይመስላል?»

ኦርሶላ ወደ ማሰሮው ጎንበስ ብላ አየች።

«ሁለተኛው ቅጠል ሰፍቷል።»

«እንግዲህ ሦስተኛውን አጥብቢው» አለና ሰሌዳውን አዞረላት።