ስሙ የተጠራው ወንድም

ሳሌም አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ መንዝ ሙሾ ነው። አማካሪዋ ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ «እውነተኛ ልቅሶ ላይ የተቀዳ ድምፅ ካላመጣሽ ዘንድሮ አትመረቂም» ብለው ልከዋታል። ሞላሌ አጠገብ ካለች መንደር ገብታ ሰነበተች። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

«ለትምህርትሽ ስንል አንዳችን እንሙትልሽ?» አሏት የአገሩ አልቃሽ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ፣ እየሳቁ።

«እንዲሁ አያለቅሱልኝም፣ እማማ?»

ሳቃቸውን ተዉ። «ሙሾ ያለ ሟች አይወርድም። ባዶውን ከተጣራሁ የማላውቀው ይመጣብኛል። ከቤትሽ የሞተ የለም? ስሙን ስጪኝ።»

ሳሌም ስልኳን ለመቅዳት እያዘጋጀች፣ «አባይነህ» አለች።

አባይነህ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሁመራ ለሥራ ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሞቷል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም፤ አየሁት ያለም የለም። እናቷ ዛሬም በሩን ሳትቀረቅር ታድራለች።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ስለ መልኩና ስለ ጠባዩ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከደጅ ወጥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ጀመሩ፦

«መንገዱን ጠይቁት፣ መንገድ ያውቃል እሱ፣
አባይነህ የሚሉት የት አድሯል ፈረሱ።»

ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሞላው። ሳሌም ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላት። ትንፋሹን ሰማች። አልዞረችም። ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ራሷን አገኘችው።

ሙሾ የሰማ ጎረቤት ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይመጣል። በርኖስ የደረቡ ወንዶች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ። አልቅሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሽማግሌው አቶ መኳንንት። «እናቱ መርዶውን ተረድታለች?»

«አልሞተም» አለች ሳሌም። «ማለቴ... አናውቅም። ለትምህርቴ ልቅዳው ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «እኔ በሕይወት ላለ ሰው አልቅሼ አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ሳለቅስለት ከኋላሽ ቆሞ ነበር።»

«እኔ የስልክ ነገር አላውቅም» አሉ አቶ መኳንንት በቀስታ። «ካልሞተ የቀዳሽውን አሁኑኑ አጥፊው፤ እኛም እንነሣለን። ከሞተ ግን እናቱ ሳትሰማ የእሱ ሙሾ በሰው ጆሮ አይዞርም። ሄደን እናረዳታለን።»

ሳሌም ስልኩን አየችው። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች፤ አልጫነችውም። ስለ ምረቃዋ ማሰብ ፈልጋ ነበር። የታያት ግን ያ ያልተቀረቀረ በር ነው።

ተቀምጠው ጠበቋት።

«እናቴ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው» አለች። «ከመናኸሪያው በታች።»

«መርዶ ሳይነጋ ነው የሚነገረው» አሉ አቶ መኳንንት። «ዛሬ እንነሣ።» በርኖሳቸውን ሰብስበው ቆሙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።