ሚልኪያስ በእናቱ ወረዳ የለም

ቤዛዊት ደብረ ታቦር ባለ አንድ የሕክምና ማዕከል የካርድ ክፍል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ሥራ በጀመረችበት ጊዜ የክፍሉ አሮጌ ማሽን አንድ ስም ለመፈለግ የበሽተኛውን ሁሉ መዝገብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያስስ ሰልፉ የግቢው በር ድረስ ይዘልቅ ነበር። እሷ መዝገቡን በየወረዳው ከፋፈለችው። የእብናት ሰው ሲጠየቅ ፍለጋው የእብናትን ክፍል ብቻ ያያል፤ የሌላውን አይነካም። መልሱ ወዲያው ከች ማለት ጀመረ። ኃላፊው አቶ በላይነህ በስብሰባ ላይ አመሰገኗት፤ እሷም ትንሽ ኮራ አለች፣ ምን ይፈረድባታል።

ሰኞ ጧት ወይዘሮ አመተማርያም ከእብናት መጡ። ልጃቸው ሚልኪያስ ታሞ ደብረ ታቦር ሕክምና ገባ የሚል ወሬ ከገበያተኛ ሰምተው ነው። ቤዛዊት ስሙን ከነአባቱ አስገባች፣ ወረዳውንም እብናት አለች። ማሽኑ የለም አለ፤ እሷም የለም አለቻቸው። ማክሰኞም መጡ፣ የለም ተባሉ። ከተማውን ሲዞሩ ሰንብተው ዓርብ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ነበር። ቤዛዊት ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸው፤ ልጁ መቼ ከቤት እንደወጣም ጠየቀቻቸው።

«ሦስት ዓመቱ። የቄስ ትምህርት እማራለሁ ብሎ ጠፍቶብኝ ነው። የት እንደሚማር እንኳ አላውቅ» አሉ።

ቤዛዊት ክው አለች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ያባቷ ተማሪዎች በግቢያቸው ጎጆ ቀልሰው ነበር የሚኖሩት። ከቤቱ ጠፍቶ የመጣ ተማሪ፣ ዘመድ ተከታትሎ እንዳይመልሰው የትውልድ አገሩን እንደማይናገር፣ ሲጠየቅም የሚማርበትን ቦታ እንደሚጠራ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ይህን እያወቀች ነው ልጁን በእናቱ ወረዳ ብቻ ስትፈልገው የሰነበተችው።

የወረዳውን ገደብ አነሳችና በሁሉም ክፍል እንዲፈልግ አዘዘችው። ማሽኑ ቀጥ አለ። ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስሙ መጣ፤ ከሊቦ ከምከም፣ ከጣራ ገዳም ተብሎ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ገብቷል፣ ማክሰኞ ማታ አርፏል። ጠያቂ ዘመድ የለውም ተብሎም ተቀብሯል።

መንገር ግድ ነውና ነገረቻቸው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ አንድ ቦታ ብቻ መፈለጓን አልደበቀችም። ወይዘሮ አመተማርያም አልጮሁም።

«ሰኞ እኮ እዚሁ ነበርሁ፣ ልጄ» አሉ። «ማክሰኞም ነበርሁ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ወጡ።

አቶ በላይነህ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ገደቡን እንድትመልስ አዘዟት፤ ለአንድ ሰው ተብሎ ይህ ሁሉ በሽተኛ ፀሐይ ላይ አይውልም አሏት። እውነታቸውን ነው፣ የባሰባትም እሱ ነው። ገደቡን መለሰችው።

ቀጥሎ የቆመው ደበሎ የደረበ፣ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ተማሪ ነበር። አገሩን ስትጠይቀው ጣራ ገዳም አላት።

«እናትህስ የት ናት?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እናት የለኝም አለ። እንደሚዋሽ አወቀች። ብታባብለው፣ ብትለምነው አልሆነም። ሊቦ ከምከም ብላ መዘገበችው።